የንባብ መዘግየትና የአቀማመጥ ሥርዓት
በመተማ ቆላ ከአንድ የሰሊጥ መጋዘን የተገኘ ትምህርት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ስብሰባ ላይ ስለ ኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ ወደ አሳቤ የመጣው የላቦራቶሪ ጠረጴዛ ወይም የመማሪያ መጽሐፍ አልነበረም። የመጣው በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ፣ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን ደጃፍ በፀሐይ ተሰልፈው ክፍያቸውን ይጠባበቁ የነበሩ ሰዎች ገጽታ ነው። እነዚያን ሰዎች ያስቆማቸው ነገር ምን እንደ ሆነ ስመረምር የደረስሁበት ምክንያት በዓይን የማይታይ፣ በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል የሚለካ ጥቃቅን መዘግየት ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ላቀርብላችሁ የምወደው አሳብ አንድ ብቻ ነው። ይኸውም የማኅደረ ትውስታ የንባብ መዘግየት ከሁሉ አስቀድሞ የአቀማመጥ ጉዳይ እንጂ የግዥ ጉዳይ አይደለም የሚል ነው። ይህንንም የምለው ራሴ ችግሩን በግዥ ልፈታው ሞክሬ ከተሳሳትሁ በኋላ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። መተማ ከጎንደር ከተማ በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሱዳን ወሰን ላይ የምትገኝ፣ ከማዶ ካለችው ከገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ ከተማ ናት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚሁ ሥፍራ ነው፤ መተማ ዮሐንስ የሚለው ስሟም ይህንኑ ያስታውሳል። ለገበሬውና ለነጋዴው ግን መተማ ከሁሉ በፊት የሰሊጥና የጥጥ አገር ናት። ሰሊጥ ደግሞ መዘግየትን የማይታገሥ ሰብል ነው። ደርሶ ሳይታጨድ ጥቂት ቀን ቢያልፈው ፍሬውን የያዘው ሽፋን ይሰነጠቅና ዘሩ መሬት ላይ ይፈሳል። በጊዜው ሲታጨድ በየነዶው ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሲደርቅም እየተዘቀዘቀ በሸራ ላይ ይራገፋል። ለዚህ ሥራ በየዓመቱ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። አምራቹ ለሠራተኛው የሚከፍለው በአብዛኛው ሰሊጡ መጋዘን ገብቶ ገንዘቡ ሲለቀቅለት ነው። እንግዲህ በመጋዘኑ መዝገብ ላይ የሚደርስ መዘግየት ከአምራቹ አልፎ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሊመለስ ስንቁን ከቋጠረው ሠራተኛ ላይ ያርፋል ማለት ነው።

ስሙን የማልጠቅሰው ያ መጋዘን የብዙ ዓመት መዝገቡን በኮምፒዩተር ይይዝ ነበር። በየዕለቱ የተቆረጠው ደረሰኝ ሁሉ ከቀድሞው መዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ባለ ንብረቱ ማን እንደ ሆነ፣ ብድር እንዳለበትና እንደሌለበት፣ የሰሊጡ ደረጃ፣ ቀሪው ሒሳብና ይህን የመሰለው ሁሉ ይረጋገጣል። ይህ ሳይፈጸም ገንዘብ ያዡ መስኮቱን አይከፍትም። ከደረሰኞቹ በአንዱ ላይ ስሕተት ቢገኝ፣ ስሕተቱ ታርሞ ማመሳከሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። በመከር ወራት ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ከሰዓት በኋላው በሙሉ በመጠበቅ ያልቃል።

እኔም ተጠርቼ ሄድሁና ችግሩን በችኮላ ተመለከትሁ። ኮምፒዩተሩ ያረጀ ነው፤ ማኅደረ ትውስታው 1600 የሚል ምልክት ያለው ዲዲአር3 ነው፤ ስለዚህ 3200 የሚል ምልክት ያለው ዲዲአር4 የተገጠመለት አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛ ብዬ ጻፍሁ። ቁጥሩ እጥፍ ስለ ሆነ ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል ብዬ ነበር። መጋዘኑ ምክሬን ተቀብሎ ገዛ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስመለስ ሰልፉ እንደ ነበረ ነው። የሒሳብ ሹሙ አዛውንት ነበሩና በትሕትና «ልጄ፣ መኪናው አዲስ ነው፤ መጠበቁ ግን የድሮው ነው» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ የቴክኒክ ሪፖርት ከዚያ በኋላ አላነበብሁም።

ታዲያ እጥፍ የተባለው ፍጥነት ወዴት ሄደ? ይህን ለመረዳት ማኅደረ ትውስታ እንዴት እንደሚነበብ ማስታወስ ያስፈልጋል። ዛሬ በየኮምፒዩተሩ የምናገኘው ዲራም የሚባለው ማኅደር በአይቢኤም ይሠራ የነበረው ሮበርት ዴናርድ እ.ኤ.አ. በ1966 ያፈለቀው አሳብ ውጤት ነው። እያንዳንዱ ቢት በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ እጅግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ይያዛል። ማጠራቀሚያው ሙሉ ከሆነ አንድ፣ ባዶ ከሆነ ዜሮ ይባላል። አንድ ቁጥር ሲጠየቅ በመጀመሪያ ቁጥሩ ያለበት ረድፍ በሙሉ ይከፈታል፤ ከየማጠራቀሚያው የሚወጣው ደካማ ኃይል በረዥም መስመር ላይ ይፈሳል፤ በመስመሩ ጫፍ ያለው ማጉያም አንድ ይሁን ዜሮ ለይቶ ያውቃል። ማንበቡ ማጠራቀሚያውን ስለሚያራቁተው የተነበበው ሁሉ ተመልሶ ይጻፋል፤ ሌላ ረድፍ ከመከፈቱ በፊትም መስመሩ እንደገና ይዘጋጃል። ይህ ሁሉ የተፈጥሮ ሕግ የሚገዛው ሥራ ስለ ሆነ በማስታወቂያ ቁጥር አይፈጥንም።

ሒሳቡም እንዲህ ነው። ዲዲአር3 1600 ረድፉ ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያውን መልስ ለመስጠት በተለመደው አሠራሩ 11 ምት ይወስድበታል፤ የአንዱ ምት ርዝመት 1.25 ናኖ ሴኮንድ ስለ ሆነ በጠቅላላው 13.75 ናኖ ሴኮንድ ይሆናል። ዲዲአር4 3200 ምቱ በግማሽ ያጥራል፤ ነገር ግን የሚፈጅበት ምት 22 ነውና ውጤቱ አሁንም 13.75 ናኖ ሴኮንድ ነው። እጥፍ የሆነው መልሱ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ በሴኮንድ የሚተላለፈው ብዛት ነው። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ በእጥፍ ቢሰፋ በቀን የሚያሳልፈው የጭነት መኪና ይበዛል፤ የመጀመሪያው መኪና ግን 180 ኪሎ ሜትሩን መጓዙ አይቀርለትም። እኔ ለመጋዘኑ ያስገዛሁት ሰፊ መንገድ ነበር፤ የሚያስፈልገው ግን አጭር መንገድ ነበር።

በዚህ ላይ ጥያቄው ከፕሮሰሰሩ ወጥቶ ማኅደሩ ዘንድ ደርሶ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ሲደመር አንድ ንባብ እስከ 100 ናኖ ሴኮንድ ሊደርስ ይችላል። በሴኮንድ ሦስት ቢሊዮን ምት የሚመታ ፕሮሰሰር በዚህ ጊዜ ውስጥ 300 ምት ያለ ሥራ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1995 ዊሊያም ዉልፍና ሳሊ ማኪ የተባሉት ተመራማሪዎች የፕሮሰሰር ፍጥነት ከማኅደር ፍጥነት እየራቀ መሄዱን አስተውለው ኮምፒዩተር ወደ ማኅደር ግድግዳ እየገሰገሰ ነው ሲሉ አስጠንቅቀው ነበር። መተማ ላይ ያገኘሁት ይህንኑ ግድግዳ ነው።

ለዚህ ችግር የመጀመሪያው ታላቅ መፍትሔ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1965 ከትልቁና ከዝግተኛው ማኅደር ፊት ትንሽና ፈጣን ማኅደር እንዲቀመጥ የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ በ1968ም አይቢኤም ባስታወቀው ሲስተም 360 ሞዴል 85 ላይ ዛሬ ካሽ የምንለው የቅርብ ማኅደር ለገበያ ቀረበ። ባለ ሱቁ ኩንታሉን በመጋዘን አስቀምጦ ለዕለቱ የሚሸጠውን በመደርደሪያው ላይ እንደሚያኖር ያለ ጥበብ ነው። በዛሬው ፕሮሰሰር የመጀመሪያው መደርደሪያ በአንድ ናኖ ሴኮንድ ያህል፣ ሁለተኛው በአራት ያህል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአሥር እስከ ሃያ በሚሆን ናኖ ሴኮንድ መልስ ይሰጣሉ። ከዋናው ማኅደር ወደ መደርደሪያው የሚመጣው ዕቃም በፍሬ አይመጣም፤ በአብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች 64 ባይት የሆነ አንድ ጥቅል ሆኖ ይመጣል። አንድ ባይት ብንጠይቅም 64ቱ ይመጣሉ። እንግዲህ ጥያቄው ከአንዱ ባይት ጋር አብረው የሚመጡት ሌሎች 63 ባይቶች ይጠቅሙናል ወይስ አይጠቅሙንም የሚል ነው። መልሱ የሚገኘው ከፋብሪካው ሳይሆን ከእኛ ከፕሮግራም ጸሐፊዎቹ እጅ ነው።

ወደ መጋዘኑ ልመለስ። በሁለተኛው ጉዞዬ እንደ መጀመሪያው በግምት አልሠራሁም። ፐርፍ የተባለውን የሊኑክስ መሣሪያ ይዤ ፕሮሰሰሩ ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ መለካት ጀመርሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው መልስ በመጠበቅ ሆኖ አገኘሁት። ፕሮግራሙ መዝገቡን በሰንሰለት መልክ ይዞት ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዱ መዝገብ የሚቀጥለው መዝገብ የት እንዳለ የሚያመለክት አድራሻ ይይዛል። ለብዙ ዓመት ሲሰረዝና ሲጨመር በመኖሩ ጎረቤት የሆኑት መዝገቦች በማኅደሩ ውስጥ ተራርቀው ተበትነዋል። የአንዱ አድራሻ ሳይነበብ ወደሚቀጥለው መሄድ ስለማይቻል ፕሮሰሰሩ ቀድሞ ሊጠይቅ የሚችለው ነገር የለም።

ለስሌት እንዲቀል 500,000 መዝገብና በዕለቱ የተቆረጠ 1,000 ደረሰኝ አለ እንበል። ለእያንዳንዱ ደረሰኝ ሰንሰለቱ ከዳር እስከ ዳር ቢታሰስ 500 ሚሊዮን ንባብ ይሆናል። በ100 ናኖ ሴኮንድ ቢባዛ 50 ሴኮንድ ነው። የሚረጋገጠው ነገር ስድስት ከሆነና ለእያንዳንዱ እንደገና ከታሰሰ አምስት ደቂቃ ይሆናል። አንድ ስሕተት በታረመ ቁጥር አምስት ደቂቃው ከመጀመሪያው ይቆጠራል። በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል የሚለካው መዘግየት በዚህ መንገድ ተደምሮና ተባዝቶ የሰው ልጅ የሚቆምበት ሰዓት ሆነ።

የወሰድኋቸው እርምጃዎች አምስት ናቸው፤ በጠቀሜታቸው ቅደም ተከተል አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛው የማያስፈልገውን አለማንበብ ነው። መዝገቡ በቁጥር ተደርድሮ ቢቀመጥ ከ500,000 መካከል አንዱን ለማግኘት እያጋመሱ 19 ጊዜ ያህል ማወዳደር ይበቃል። ነገር ግን እነዚያ 19 ንባቦች ራሳቸው የተራራቁ ናቸው። ባየርና ማክራይት በቦይንግ የምርምር ክፍል ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት ቢ-ትሪ የተባለው አደራደር በመሠረቱ ለዲስክ የታሰበ ቢሆንም እዚህም ያገለግላል። በአንድ የ64 ባይት ጥቅል ውስጥ እያንዳንዳቸው አራት ባይት የሆኑ 16 ቁጥሮች አብረው ከተቀመጡ በአንድ ጉዞ ከ17 አቅጣጫ አንዱን መምረጥ ስለሚቻል አምስት ንባብ ይበቃል። በዚህ ስሌት 500 ሚሊዮን የነበረው ንባብ ለአንዱ ማረጋገጫ 5,000፣ ለስድስቱ 30,000 ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው አብሮ የሚነበበውን አብሮ ማስቀመጥ ነው። የወቅቱን ጠቅላላ ክብደት ለመደመር መዝገቡን ሁሉ ማንበብ ግድ ነው። እያንዳንዱ መዝገብ 256 ባይት ቢሆን፣ አራት ባይት ለሆነው ክብደት ሲባል 64 ባይት እናስመጣና 60ውን እንጥላለን። ክብደቱን ሁሉ ለብቻው በአንድ ዓምድ ብንደረድረው ግን በአንድ ጥቅል 16 ክብደት ይመጣል። 500,000 ጉዞ የነበረው 31,250 ይሆናል። ከዚህም በላይ የዓምዱ ጠቅላላ ስፋት ሁለት ሚሊዮን ባይት ብቻ ስለ ሆነ በብዙ ፕሮሰሰሮች ሦስተኛ መደርደሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ ሊቀመጥ ይችላል፤ 128 ሚሊዮን ባይት የሚሆነው ሙሉው መዝገብ ግን በተለመደው ፕሮሰሰር አይችልም።

ሦስተኛው የራሳችንን ፊደል የሚመለከት ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ቦታውን አግኝቷል። ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የላቲኑ ግን አንድ ባይት ብቻ። በአንድ የ64 ባይት ጥቅል ውስጥ የእኛ ፊደል 21 ብቻ ይገባል ማለት ነው። ይህ ፊደላችንን ለመንቀፍ የሚያበቃ አይደለም፤ «መተማ» በሦስት ፊደል ዘጠኝ ባይት ስትሆን በላቲን «Metema» ተብላ ስትጻፍ ስድስት ባይት ናትና ልዩነቱ እንደሚወራው የገዘፈ አይደለም። ይሁን እንጂ በጠቅላላው 12 ፊደል ያለው የአንድ ሰው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ ሁለቱ ክፍት ቦታዎች ተጨምረው 38 ባይት ይሆናል። የመጋዘኑ ፕሮግራም በየንባቡ እነዚህን ስሞች ያወዳድር ነበር፤ አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ስለሚጽፍም በየጊዜው ሀን፣ ሐን፣ ኀን፣ እንዲሁም ሰንና ሠን እያስማማ ነበር። መፍትሔው ስሙን በመጀመሪያ ሲመዘገብ አንድ ጊዜ ብቻ አስማምቶ ለባለ ስሙ አራት ባይት የሆነ ቁጥር መስጠት፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ማወዳደር ነው። ስሙ በክብር እንደ ተጻፈ በቦታው ይኖራል፤ የሚጠራውም በደረሰኙ ላይ ሲታተም ብቻ ነው።

አራተኛው ቀድሞ መጠየቅ ነው። የዛሬው ፕሮሰሰር አንዱ መልስ ሳይመጣ አሥርና ከዚያ በላይ ጥያቄ በአንድ ጊዜ መላክ ይችላል። በተራ የተደረደረ ዓምድ ሲነበብም ቀጣዩን ገምቶ አስቀድሞ ያስመጣል። ሰንሰለት ግን ይህን ችሎታውን ይነጥቀዋል። ስለዚህ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ሳይሆን በርከት አድርጎ ማሰስ የእያንዳንዱን መዘግየት ባያጠፋውም በአንዱ ጥላ ሥር ሌላው እንዲያልፍ ያደርጋል።

አምስተኛው የቆላው ሙቀት ነው። በመተማ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሙቀቱ እስከ 43 ዲግሪ ይደርሳል። የዲራም ማጠራቀሚያ ኃይሉን እያፈሰሰ ስለሚረሳ ያለማቋረጥ ይታደሳል፤ በተለመደው ሙቀት የእድሳት ትእዛዝ በየ7.8 ማይክሮ ሴኮንድ ይሰጣል። የማኅደሩ ገላ ከ85 ዲግሪ ካለፈ ግን በዲዲአር4 ደንብ መሠረት በየ3.9 ማይክሮ ሴኮንድ እንዲሆን ይጠየቃል። ስምንት ጊጋቢት በሚይዝ ቺፕ አንዱ እድሳት 350 ናኖ ሴኮንድ ስለሚወስድ፣ በእድሳት የሚያልፈው ጊዜ ከመቶ አራት ተኩል ወደ መቶ ዘጠኝ ያድጋል። በዚያ ጊዜ የደረሰ የንባብ ጥያቄ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ኮምፒዩተሩ ከሚዛኑ አጠገብ በቆርቆሮ ጣራ ሥር የተቀመጠ፣ ማራገቢያውም በሰሊጥ ገለባና በአቧራ የታፈነ ነበር። ወደ ውስጠኛው ክፍል አዛውረን ማራገቢያውን አጸዳን፤ በየሳምንቱ እንዲጸዳም አሳሰብን። ጥቅሙ ከሌሎቹ አራቱ ያነሰ ቢሆንም ያለ ምንም የውጭ ምንዛሪ የተገኘ ነው።

ውጤቱን በአጭሩ ልናገር። አዲሱን ፕሮግራም በመጀመሪያ የሞከርነው ከአገልግሎት ወጥቶ በማዕዘን ተቀምጦ በነበረው በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ነበር። ማመሳከሩ ሹሙ እጃቸውን ከቁልፉ ሳያነሡ ተፈጸመ። እርሳቸውም የተበላሸ መስሏቸው ደግመው እንድሠራው ጠየቁኝ። አሮጌው ኮምፒዩተር በአዲሱ አቀማመጥ፣ አዲሱን ኮምፒዩተር በአሮጌው አቀማመጥ በብዙ እጅ በለጠው። በዚያን ቀን ገንዘብ ያዡ መስኮቱን ከምሳ በፊት ከፈተ። ለአዲሱ ኮምፒዩተር የወጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም፤ ስሕተቱም የመጋዘኑ ወይም የሻጩ ሳይሆን ሳይለካ የመከረው የእኔ ነው። ይህን በእናንተ ፊት የምናገረው ለትሕትና ጌጥ ሳይሆን ከመካከላችን ነገ ይህንኑ ምክር ሊጽፍ የተዘጋጀ ባልደረባ ቢኖር ብዕሩን ለአንድ ቀን እንዲያቆየው ነው።

ጉዳዩ የአንድ መጋዘን ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በመጋዘን ደረሰኝ መገበያየት በአገራችን ተለምዷል፤ የሁመራ ጎንደር የሚባለው ሰሊጥም በደረጃ እየተለየ ሲሸጥ ኖሯል። ባንኩ፣ ጉምሩኩ፣ ጤና ጣቢያውም መዝገባቸውን ወደ ኮምፒዩተር አዛውረዋል። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ «መኪናው ዘገየ» የሚል አቤቱታ ሲሰማ የሚከተለው መልስ በአብዛኛው «አዲስ ይገዛ» የሚል ነው።

የመሣሪያው ምርምርም ቢሆን አልቆመም። ከአገራችን ልጆች አንዱ የሆኑት ዶክተር ሰሎሞን አሰፋ በአይቢኤም ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ከጀርማኒየም የተሠራ፣ በቺፕ ላይ የብርሃን ምልክት የሚቀበል መሣሪያ አቅርበዋል፤ ዓላማው በመዳብ ሽቦ ፈንታ ብርሃን መልእክት እንዲያመላልስ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ መንገዱን ያሻሽላል። ሆኖም መንገዱ ቢሻሻልም ማጠራቀሚያው ራሱ እስኪነበብ ያለው ጊዜ ይቀራል፤ የሚመጣው ጥቅልም የማንፈልገውን የያዘ ከሆነ በብርሃን መምጣቱ አይጠቅመንም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ማኅደር ወይም ኮምፒዩተር ይገዛ ብለን ከመፈረማችን በፊት ፕሮሰሰሩ ምን ያህል ጊዜውን በመጠበቅ እንደሚያሳልፍ እንለካ፤ የለካነውንም ቁጥር ከግዥ ምክራችን ጋር አያይዘን እንጻፍ። ወጣት ባልደረቦቻችንንም በየመሥሪያ ቤቱ ስናሠለጥን ፕሮግራም ትክክለኛ መልስ መስጠቱን ብቻ ሳይሆን መልሱን የት ሄዶ እንደሚያመጣው እናስተምራቸው። ይህን ብናደርግ ማንም ስለ ናኖ ሴኮንድ ሰምቶ የማያውቀው የቀን ሠራተኛ ደመወዙን ተቀብሎ ፀሐይ ሳትከርር ወደ ደጋው መንገዱን ሊጀምር ይችላል።